የሻምበሉ ስድስት ተሸካሚዎች

መዶሻው ተንሸራትቶ አውራ ጣቱን ሲመታው ጫማ ሰፊው አልጮኸም። ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ወደ በሩ ተመለከተ፤ ከዚያ ሚስማሩን እንደገና አቁሞ መታ። ወለሉ ላይ ስድስት ጥንድ ጫማ ተደርድሯል። አራቱ አልቀዋል፣ ሁለቱ ይቀራሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በስድስት ሰዓት ሲመታ ስድስቱም በየባለቤቶቻቸው እግር ላይ መገኘት አለባቸው፤ ፀሐይዋ ደግሞ ዛሬ የቸኮለች ትመስላለች።

የጫማ ሥራ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ወደ ሱቁ ቢገባ፣ ሰውየው ወይ ጠጥቷል ወይ አብዷል ይል ነበር። የአንዱን ጫማ ግራ ተረከዝ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጎታል። የሌላውን ቀኙን ቆርጦ አሳጥሮታል። የአናጢው ጫማ ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወሽቋል። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲራመድ የለፋ እጅ፣ ዛሬ ሰው እንዲያነክስ ለማድረግ ይጣደፋል።

ሚስቱ ነጠላዋን እያስተካከለች ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«አንተ ሰው፣ መጥቷል» አለችው።

«ማን?» አለ፤ ማን እንደሆነ እያወቀ።

«መርማሪው ነዋ! ማን ይሁንልህ? ሦስት ጠመንጃ ያነገቱ ሰዎች አስከትሎ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጥር ላይ ቁጭ ብሏል። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ አልቃሽ ዘመድ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ምንም። መሬት መሬት ያያል።»

ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀመጠ። መርማሪው መሬት መሬት የሚያየው አፍሮ ወይም አዝኖ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

አሮጌው መንግሥት ከወደቀ ሦስት ዓመቱ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን አዲሶቹ ገዢዎች ያወጡት የመጀመሪያ አዋጅ በድልድዩ ውጊያ የነበረ ሁሉ እጁን ይስጥ የሚል ነበር። እጃቸውን የሰጡት ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ተራራ ተወሰዱ፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው ግን በከተማው አልታየም። ያልሰጡት የደንብ ልብሳቸውን አቃጥለው፣ ማዕረጋቸውን ውጠው፣ ወደ ድሮ ሥራቸው ገቡ። ሰውን በማዕረግ መጥራት ተከለከለ፤ በመቃብር ድንጋይ ላይ እንኳ አይጻፍም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት በከተማው የዘወትር ጸሎት ሆነ።

ካልሰጡት መሐል የተያዘው አዛዣቸው ሻምበሉ ብቻ ነበር። ሁለት ዓመት እስር ቤት አስቀምጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ በድልድዩ ላይ ከአንተ ጋር ማን ማን ነበሩ? አንድም ስም ከአፉ አልወጣም። ሳንባው ሲያልቅ ለሚስቱ አምጥተው ጣሉላት፤ ከትናንት ወዲያ ሞተ። መጨረሻ ላይ የተናገረው «ልጆቼ ይሸከሙኝ» ብሎ ነው። ሻምበሉ ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ግን እነማንን ማለቱ እንደሆነ ሳትጠይቅ ገባት።

መርማሪው የቀብሩን ፈቃድ ከወትሮው በተለየ ቸርነት ሰጠ። በጠራራ ፀሐይ ይሁን፣ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን ይሁን፣ የወደደ ይሸከም አለ። ከጎረቤት ከተማ የመጣች ወሬ ባትኖር ኖሮ ሰው ሁሉ ይመርቀው ነበር። እዚያም እንዲሁ ፈቅዶ፣ እንዲሁ አጥር ላይ ተቀምጦ፣ የተሸካሚዎቹን እግር ብቻ ሲያይ ነበር አሉ። ወታደር ልብሱን ያወልቃል እንጂ እግሩን አያወልቅም። አብረው የተሰለፉ ሰዎች ትከሻቸው ላይ ሸክም ሲያርፍ፣ ሳያውቁት፣ ግራቸው አብሮ ይነሳል፣ ቀኛቸውም አብሮ ያርፋል። እዚያ አራት ሰው ከመቃብር አፍ ተወሰደ።

«ሌላ ሰው ይሸከመው» አለች ሚስቱ። «ከገበያ ስድስት ወዛደር ብንለምን ይመጣሉ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ?»

«እናቴማ ሞታለች።»

«ለእኔስ?»

ፈርቷል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ ያደረውም ለዚህ ነው። ተራራውን ይፈራል፣ የመርማሪውን ለስላሳ ድምፅ ይፈራል፣ ከሁሉም በላይ የገዛ እግሩን ይፈራል። ይህን ሁሉ ሊነግራት አሰበና ሚስማር አፉ ውስጥ ከተተ።

በሩ ተንኳኳ።

«እኔ ነኝ፣ አለቃ!» አለ የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ።

«አለቃ አትበለኝ!» ብሎ በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ ጎተተው። «ሦስት ዓመት ሙሉ ነገርኩህ!»

«ምላሴ ነው፣ አለ— ወንድሜ። ለምላስ ተረከዝ አትሠራለትም እንጂ።»

ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ጫማ ሊያሠራ እንደሚመጣ ሰው እየመሰሉ ገቡ። የሬሳ ሣጥኑን የሠራው አናጢ መጣ፤ ቀጥሎ የመንገድ መብራት አብሪው፣ ከዚያ ወፍጮ ቤት የሚሠሩት ሁለት ወንድማማቾች። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥንዶች እንዳለቁ ሁሉም ጫማቸውን አጥልቀው በጠባቡ ሱቅ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመሩ። አንዱ በግራ ያነክሳል፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ እንደ ዳክዬ ይወዛወዛል። ታናሽ ወንድም ሳቁ አመለጠው። ታላቁም ሳቀ፤ ወዲያው ሁሉም ሳቁ፤ ጫማ ሰፊው ግን የሳቁ መጨረሻ ለቅሶ እንዳይሆን ፈራ።

«ከዚህ በፊት ሳታውቅ ነበር ጫማዬን የምታበላሸው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ «ዛሬ ተሻሻልክ።»

«ስሙኝ» አለ ጫማ ሰፊው። «ማንም የማንንም እግር እንዳያይ። ማንም በልቡ እንዳይቆጥር። ጫማው ወደሚወስዳችሁ ሂዱ። የሚፈራ ካለ አሁኑኑ ይቅር፤ ማንም አይቀየመውም።»

ማንም አልወጣም። ፀጉር አስተካካዩ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል «እሱ እኔን ከድልድዩ ላይ ሲሸከመኝ እግሩን አላየም» አለ። ጭኑ ላይ ጥይት ገብቶ የወደቀው እሱ ነበር። ሻምበሉ አንድ ጊዜ ተሻግሮ ካመለጠ በኋላ ተመልሶ አወጣው።

ደወሉ መታ።

ሣጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ መቅደስ ፊት ለፊት ሁለት ወንበር ላይ አርፏል። ቄሱ መጽሐፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ትናንት መርማሪው ቤታቸው ድረስ ሄዶ፣ በጸሎቱ ውስጥ ማዕረግ የሚባል ቃል እንዳይሰማ አስጠንቅቋቸዋል፤ እሳቸውም «እሺ» ብለዋል። ይህን የሰማው ጫማ ሰፊ በልቡ ተቀይሟቸው ነበር። ሰውዬው በየእሑዱ ስለ ሰማዕታት ይሰብካሉ፣ አንድ ቃል ግን ትከብዳቸዋለች አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው ከእሱ ባሰ ሲፈራ ማየቱ ትንሽ አጽናንቶታልም።

«አቤቱ፣ ይህን ባሪያህን በቸርነትህ ተቀበል» አሉ ቄሱ፤ ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ ወንበር አላለፈም። ባሪያህን ብቻ። የሻምበሉ ሚስት መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች።

ስድስቱ ጎንበስ ብለው አነሱት። ወንድማማቾቹ ከፊት፣ አናጢውና መብራት አብሪው ከመሐል፣ ጫማ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ሆኑ። ሸክሙ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ጫማ ሰፊው ደነገጠ፤ በጣም ቀሎታል። ከዚህ ሰው ሥጋ ምን ያህሉን እስር ቤቱ እንዳስቀረው ያን ጊዜ ገባው። ግራ እግሩ ከሌሎቹ ግራ ጋር ሊነሳ ተሳበ፤ ዝቅ ያለው ተረከዝ ግን አዘገየው። ተመስገን አለ በልቡ።

ወደ ግቢው ወጡ። ከበሩ እስከ ደረጃው ሰማንያ ክንድ የሚሆን ጠጠር ያለበት መንገድ ነው። በግራ በኩል፣ አጥሩ ላይ፣ መርማሪው ተቀምጧል። አልተነሳም። ዓይኑ ከጫማ ወደ ጫማ ይዘላል፤ ከፊተኞቹ ወደ መሐለኞቹ፣ ከመሐለኞቹ ወደ ኋለኞቹ። ጠጠሩ ከስድስቱ ጫማ ሥር ኳኳ፣ ሸርተት፣ ኳ፣ ሸርተት ይላል፤ ዜማ የሌለው፣ የተዘበራረቀ ድምፅ። ሣጥኑ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። ጫማ ሰፊው ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ አቃጠለው፤ ሊጠርገው እጅ አልነበረውም።

መርማሪው ቅንድቡን ቋጠረ። ከዚያ ለአንዱ ጠባቂ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው፤ ጠባቂው ትከሻውን ነቀነቀ። አለፉት። ጫማ ሰፊው ማለፋቸውን ያወቀው ፀጉር አስተካካዩ በረጅሙ ሲተነፍስ ሰምቶ ነው።

ከግቢው ወደ መካነ መቃብሩ የሚያወርዱ አሥራ ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ጠዋት ካፊያ ስለነበር ረጥበዋል። ጫማ ሰፊው ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጠጠሩ መንገድ ሲያስብ ስለ ደረጃው አላሰበም ነበር።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወረዱ። አራተኛው ላይ የታላቅ ወንድም ከፍ ያለ ተረከዝ ከሶሉ ተገንጥሎ ቀረ። ያ ጫማ ሰፊው በገዛ እጁ፣ በተመታ ጣቱ፣ ተቻኩሎ የመታው ተረከዝ ነበር። ሰውየው ወደ ፊት ተንገዳገደ፤ ሣጥኑ ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ አለ። መሐል ያሉት አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሳቡ። ውስጥ ያለው ሰውነት ተንሸራትቶ የሣጥኑን ጫፍ ጓ ሲያደርገው ሁሉም ሰሙ።

«ወዮልኝ፣ ሊወድቅብኝ ነው!» ብላ የሻምበሉ ሚስት ጮኸች።

ክዳኑ ከተላቀቀ ሻምበሉ በጭቃው ላይ፣ በጠላቱ ፊት፣ እየተንከባለለ ይወርዳል። ስድስቱም ሊይዙት ይታገላሉ፤ ስድስቱም ግን በስድስት መንገድ ነው የሚታገሉት። ጫማ ሰፊው አላሰበም። ቢያስብ ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ይህን ራሱም አይክድም።

«ግራ!» ሲል ጮኸ።

ድምፁ ሦስት ዓመት ከተቀበረበት ወጣ። «ቀኝ! ግራ! ቀኝ!»

ስድስት ግራ እግሮች በየደረጃቸው ላይ በአንድ ጊዜ አረፉ። ስድስት ቀኝ እግሮች ተከተሉ። ሣጥኑ ቀና፤ ውኃ ልክ የተያዘለት መሰለ። ተረከዝ የሌለውም፣ ጠጠር የሚወጋውም፣ ከዚያ ድምፅ ጋር እኩል ወረደ። ከአሥራ ሁለተኛው ደረጃ ወርደው ሣጥኑን በመቃብሩ አፍ ላይ በተጋደሙት ሁለት እንጨቶች ላይ ሲያሳርፉት አንድም ነገር አልተንቀጫቀጨም።

መርማሪው ደረጃዎቹን ቀስ ብሎ ወረደ። አራተኛው ላይ ጎንበስ ብሎ የተገነጠለውን ተረከዝ አነሳና እያገላበጠ አየው።

«ማነው የጠራው?»

ጫማ ሰፊው በዓይኑ ሚስቱን ፈለገ፤ ከሻምበሉ ሚስት አጠገብ ቆማ ራሷን ትነቀንቃለች፤ አትናገር፣ አትናገር።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን ነበርክ?»

«አሥር አለቃ።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ይበልጥ ፈራ እንጂ አልቀለለውም።

«እነዚህስ?»

«ጎረቤቶቼ ናቸው። እኔ ነኝ ለምኜ ያመጣኋቸው። ሲያነክሱ አይተዋል፤ የትኛው ጦር ነው እንዲህ ያለ እግር የሚቀጥረው? ሣጥኑ ሊወድቅ ሲል ብቆጥርላቸው ተከተሉኝ። ማንም ቢሆን ይከተላል።»

መርማሪው ተረከዙን ኪሱ ከተተና ወደ ቄሱ ዞረ።

«አባ፣ እርስዎ የእግዚአብሔር ሰው ነዎት፤ አይዋሹም። እነዚህ አምስቱ ወታደር ነበሩ ወይስ አልነበሩም?»

ቄሱ ጣታቸውን በመጽሐፉ መሐል አድርገው ዘጉት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ከእነዚህ ሰዎች የሰማሁትን የሰማሁት በንስሐ ነው። የንስሐን ነገር ለማንም አልናገርም።»

«እንግዲያው የሚደበቅ ነገር አለ» አለ መርማሪው ፈገግ ብሎ።

ጫማ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ። አበላሹት፣ አበቃልን አለ።

«የሌለው ማን አለ?» አሉ ቄሱ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «እርስዎም ለንስሐ ቢመጡ የሚናዘዙት አይጠፋዎትም።»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ሳቁን በሳል አፈነ። መርማሪው ፈገግታው ጠፋ። በአምስቱ ፊት እያንዳንዱን እያየ አለፈና ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንተን አውቅሃለሁ። ባለፈው ሳምንት ጢሜን ላጭተኸኛል። ያን ጊዜ እጅህ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

የፀጉር አስተካካዩ ዓይን እንባ ሞላ። ሣጥኑን አየ፤ ጫማ ሰፊውን አየ። ጫማ ሰፊው ያንን ፊት ያውቀዋል፤ ወታደር ከምሽግ ጉድጓድ ሊወጣ ሲል የሚያሳየው ፊት ነው። እኔም ሊል ነው። እሱ እኔም ካለ አናጢው ይከተላል፣ መብራት አብሪው ይከተላል፣ ወንድማማቾቹም አይቀሩም፤ ሻምበሉ ሁለት ዓመት ሙሉ የነከሰው ጥርስ በአንድ ቀትር ከንቱ ይሆናል። የፀጉር አስተካካዩ እግር ከመሬት ለቀቀ።

«ወንድሜ» አለ ጫማ ሰፊው፣ በጎረቤት ድምፅ፣ በሚለምን ድምፅ፤ «እባክህ፣ ባለህበት ቁም።»

ለሰሚው የጎረቤት ልመና ነበር። አምስቱ ግን እነዚያን ሁለት የመጨረሻ ቃላት ለዓመታት በየማለዳው በሰልፍ ሜዳ ላይ ሰምተዋቸዋል። ጫማ ሰፊው በሕይወቱ «እባክህ» ብሎ የሰጠው ትእዛዝ ይህ ብቻ ነው። የፀጉር አስተካካዩ እግር ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ምን ልትል ነበር?» አለው መርማሪው።

«ምንም፣ ጌታዬ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ እንባው ወረደ። «ሐዘን ነው።»

መርማሪው ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ሁለት ጠባቂዎች ጫማ ሰፊውን ግራና ቀኝ ያዙት።

ደረጃውን ሲወጣ እግሩ አልታዘዘውም፤ ጠባቂዎቹ ደግፈው አወጡት። ጀግና መምሰል ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። ተራራው ታየው፣ ድንጋዩ ታየው፣ ሱቁ ያለ እሱ ተዘግቶ ታየው። ሚስቱ ሮጣ ደርሳ እጅጌውን ያዘች፤ አንዱ ጠባቂ ሊያስለቅቃት ሞክሮ ተዋት። አትናገርም፤ ዝም ብላ አብራው ትወጣለች። መርማሪው ከኋላቸው ነበር።

ደረጃው መጨረሻ ላይ ሲደርሱ የቄሱ ድምፅ ከታች ተነሳ። አሁን ድምፃቸው ከሁለተኛው ረድፍ አልፎ፣ አጥሩን ዘልሎ፣ ጎዳናው ድረስ ይሰማል።

«አቤቱ፣ በፍቅር ስለ ወንድሞቹ መከራ ስለ ተቀበለው ባሪያህ፣ ስለ ሻምበሉ ነፍስ እንለምንሃለን!»

ሻምበሉ። መርማሪው ቆመ። ሁሉም ቆሙ። ሕዝቡ እንደ ልማዱ አሜን ሊል ከፍቶት የነበረውን አፉን ዘጋ። ቄሱ መጽሐፉን ቁልቁል ይዘውታል፤ እያነበቡ አልነበረም።

«ወታደሮችህን የማትረሳ አምላክ ሆይ፣ ዛሬ ወደ ጭንቅ ስለሚሄደው ባሪያህ፣ ስለ አሥር አለቃውም እንለምንሃለን!»

ያን ቀትር በመርማሪው ፊት አሜን ማለት ራስን ማጋለጥ ነበር። ጫማ ሰፊው ማንም እንዳይል ለመነ፤ ደግሞ አንድ ሰው ቢል ብሎ ለመነ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ለመነ።

«አሜን» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ከዚያ አናጢው። መብራት አብሪው። ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ታናሹ ከታላቁ ቀድሞ። ጫማ ሰፊው ሳይዞር እያንዳንዱን በድምፁ ለየው። አምስት። መርማሪው ፊቱን ወደ ታች መልሶ ከማን አፍ እንደ ወጣ ሲፈልግ፣ የሻምበሉ ሚስት አሜን አለች፤ የጫማ ሰፊው ሚስትም እጅጌውን እንደያዘች አለች፤ ከዚያ ግቢው ሁሉ፣ አሮጊቱም ነጋዴውም፣ በድልድዩ አጠገብ እንኳ አልፎ የማያውቀውም አለ። መርማሪው ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማንን ፊት እንደሚይዝ ጠፋው። ጫማ ሰፊው አሁንም ፈርቶ ነበር። ራሱም «አሜን» አለና በገዛ እግሩ ሄደ።